ዶላር ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም በነበረ ጊዜ

ሲኒማ ራስ ከታክሲ ወርጄ ወደ ባንኩ ስሄድ የዱቄት ጆንያ የተሸከመ ሰው ገጨኝ። «ዞር በይ ስልሽ!» ብሎኝ አለፈ። ከመግጨቱ በፊት ግን ዞር በይ አላለኝም፤ ወይም ብሎኝ አልሰማሁትም። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት ግራ ትከሻዬ ነጭ በነጭ ሆኖ ነው። መንግሥት ተለውጦ የመጀመሪያው ክረምት ያለፈበት ጊዜ ነበር። ከንግድ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ወራት ቢሆነኝ ነው።

የተመደብኩት የውጭ ምንዛሪ ክፍል ነው፤ ማዕረጌ ጁኒየር ክለርክ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ታደለ ትከሻዬን አዩ። ከመሳቢያቸው የልብስ ብሩሽ አውጥተው ሰጡኝ። መርካቶ የሚሠራ ሰው መሳቢያው ውስጥ ብሩሽ ሊኖረው እንደሚገባ ያን ዕለት ተማርኩ።

ልብሴን አራግፌ ስጨርስ ጠየቁኝ።

«አንድ መቶ ዶላር ስንት ብር ነው?»

«ሁለት መቶ ሰባት ብር።»

«ከየት አወቅሽ?»

«ትምህርት ቤት ነው የተማርነው።»

«ጥሩ። እዚህም ያው ነው።»

የቅጥር ፈተናዬ በዚህ አለቀ።

ጋሼ ታደለ ጠረጴዛቸው ላይ መስታወት አንጥፈዋል። ከመስታወቱ ሥር በታይፕ የተመታ ሠንጠረዥ ነበር፤ ከአንድ ዶላር ጀምሮ ወደ ላይ፣ ሁሉም በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም የተባዛ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ሲቀጠሩ ራሳቸው የመቱት ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ሠንጠረዡ አንድ ቁጥር ሳይለወጥበት እዚያው ቆየ። እኛ ዘንድ የዶላር ዋጋ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ ነበር። ዛሬ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ለእኔም አንድ ኮፒ ተመታልኝ። በወሩ ሳላየው በቃሌ ማባዛት ጀመርኩ።

ሥራችን በአብዛኛው ኤልሲ ነበር። ኤልሲ በአጭሩ ባንክ ለአስመጪ የሚገባለት ቃል ነው። የመርካቶ ነጋዴ ከውጭ ዕቃ ሊያስመጣ ሲፈልግ ሻጩ አያውቀውም፤ ስለዚህ ባንኩ «ዕቃውን ጫን፣ የጫንክበትን ሰነድ ላክልኝ፣ ክፍያው በእኔ ነው» ይላል። ነጋዴው መጀመሪያ የገንዘቡን የተወሰነ እጅ ያስይዛል። ሰነዱ ሲመጣ ቀሪውን ከፍሎ ሰነዱን ይወስዳል፤ በሰነዱ ዕቃውን ከወደብ ያወጣል። ወደባችን ያን ጊዜ አሰብ ነበር።

ይህን ለአዲስ ነጋዴ ማስረዳት ቀላል አይደለም። አንድ የእህል በረንዳ ሰው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡና ወዲያ ወዲህ አዩ። «ኤልሲ የሚባለው ሰውዬ የለም እንዴ? ያለሱ አያልቅልህም ተብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። አልሳቅንም። ጋሼ ታደለ ክፍላችን ውስጥ በደንበኛ መሳቅን ከስርቆት አያሳንሱትም ነበር። ወንበር ሰጥተው «ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ» አሏቸው።

ከባንኩ ደጃፍ ሌላ ዋጋ ነበረ። ሊስትሮዎቹ አጠገብ ቆመው በአላፊ አግዳሚው ጆሮ ሥር «ዶላር አለ?» የሚሉ ጎረምሶች ነበሩ። እነሱ ዘንድ ዶላር ወደ ሰባት ብር ደርሷል። እኛ ዘንድ ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነው፤ ግን ፈቃድ ላገኘ ብቻ። ፈቃዱ ደግሞ ለሁሉም አይደርስም። አንድ ቀን ይህን ልዩነት ጋሼ ታደለን ጠየቅኳቸው።

«ደጅ የሰማሽውን ደጅ ተይው» አሉኝ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው የባንኩ ዋጋ ነው።»

እኔም ተውኩት።

እትዬ ዘነበችን ያወቅኋቸው በዚያው ዓመት ነው። የልብስ ስፌት መኪና አስመጪ ነበሩ። አገራቸው ጉራጌ፣ ቸሃ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የአስመጪነት ፈቃዱንም ሱቁንም ተረክበው ያዙ። ባለ ብዙ ወሬ አይደሉም፤ ወረቀታቸውን አስተካክለው ይዘው ይመጣሉ፣ የሚፈረመውን ፈርመው ይሄዳሉ። እኔን «ሒሩት ልጄ» ይሉኝ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ጭነት መጣላቸውና በእኔ እጅ አለቀ። ሒሳቡ በተለመደው ዋጋ ተወራረደ፤ ዕቃው መጋዘናቸው ገባ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲስ ኤልሲ ሊከፍቱ መጡ። ያን ዕለት ብቻቸውን አልነበሩም። ማዕረጉ የተነቀለ የወታደር ጃኬት የለበሰ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ተከትሏቸው ገባና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«አሥር አለቃ ደበበ ይባላል» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «ሃያ መኪና አዞኝ ሙሉውን ከፍሎኛል። ገንዘቡ በትክክል ባንክ ሲገባ ልይ ብሎኝ ነው።»

አሥር አለቃው የተበተነው ጦር ሰው ነው። በጦሩ የልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ዩኒፎርም ሲሰፋ የኖረ ሰው። ጦሩ ሲበተን እሱን ጨምሮ ሃያ ሰፊዎች ያላቸውን አዋጥተው በጋራ ሊሠሩ ተስማሙ። ከፊሎቹ የሚስታቸውን ጌጥ፣ ከፊሎቹ የአባታቸውን ከብት ሸጠው ነው ያዋጡት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ዕለት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ይመጣል?»

«ሰነዱ ከመስቀል በፊት ይደርሳል ብለን እንገምታለን።»

«ጥሩ» አለ። ተነሥቶ ወጣ።

አንዱ የስፌት መኪና ከነማጓጓዣው አንድ መቶ ዶላር ገደማ ነበር። ሁለት መቶ ሰባት ብር ማለት ነው። እትዬ ዘነበች የሸጡላቸው የቀረጡንና የራሳቸውን ትርፍ ጨምረው ነው፤ ዋጋው ግን በብር ተቆርጦ በወረቀት ተፈርሟል።

ሰነዱ እንደተባለው ከመስቀል በፊት ደረሰ። ለደንበኛው ማስታወቂያ እንጽፋለን፤ ጻፍኩ። ተላላኪያችን ይዞት ሄዶ ይዞት ተመለሰ።

«ሱቁ ዝግ ነው» አለ። «ጎረቤቶቻቸው ለመስቀል አገር ቤት ገብተዋል አሉኝ።»

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም። በመስቀል ሳምንት ከሱቁ ግማሹ ዝግ ነው፤ ጉራጌ አገሩ ገብቷል። እትዬ ዘነበች የሚገቡበት መንደር ስልክ የለም።

ጋሼ ታደለ ሰነዱን ተቀብለው ካዝና ውስጥ አስቀመጡት። «ይመለሳሉ። ሰነዱ የትም አይሄድም» አሉ። በእኛ አሠራር ሒሳቡ የሚወራረደው ደንበኛው ቀርቦ ቀሪውን በከፈለበት ቀን ዋጋ ነው። ደንቡ እንዲያ ይላል። ዋጋው ግን ተለውጦ ስለማያውቅ የትኛውም ቀን አንድ ነበር። ማንም አላሰበበትም፤ እኔም፣ ጋሼ ታደለም።

ከመስቀል በኋላ ነው ዜናው የተነገረው። አንድ ዶላር አምስት ብር ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ሰርኩላሩ፣ ማለትም የመመሪያው ደብዳቤ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ቆመን ነበር። ጋሼ ታደለ መነጽራቸውን አድርገው ለራሳቸው አነበቡት፤ ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡልን። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ አነሡና መስታወቱን አንሥቼ እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ሠንጠረዡ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። በምላጭ ነው የፋቁት። ሲፍቁ አልተቻኮሉም። ቁርጥራጩን በመዳፋቸው ጠርገው ቅርጫት ውስጥ ከተቱ፤ መስታወቱን መለስን።

«ሠንጠረዥ ልምታ?» አልኳቸው። «በአምስት?»

ትንሽ አሰቡ። «አይ፣ ተይው» አሉ።

ያ ቀን ሰው በሰው ነበር። ገንዘቡን ሳይከፍል ሰነድ ካዝናችን የተቀመጠበት ነጋዴ ሁሉ መጣ። አንድ ቆርቆሮ አስመጪ በሩን ዘግቶ ከጋሼ ታደለ ጋር ለማውራት ፈለገ። በሩ አልተዘጋም፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«ቀኑን በሁለት ቀን ወደኋላ አድርጉልኝ። ከዚህ ውጪ ምንም አልጠይቅም። እናንተም አትጎዱም።»

«ቀኑን የሚያትመው ማሽን ነው፣ ማሽኑን የሚያዝዘው እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ታደለ። «እኔ ደግሞ አላዝዝም።»

ሰውየው ሊጻፍ የማይገባ ስድብ ተሳድቦ ወጣ።

እትዬ ዘነበች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከአገር ቤት ገና መመለሳቸው ነበር። ነጠላቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ለእኔ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አምጥተዋል። ቀሪውን ገንዘብ በጨርቅ ቦርሳ ይዘው ነበር፤ በድሮው ዋጋ የተዘጋጀ ገንዘብ። ዜናውን መንገድ ላይ ሰምተዋል፤ ግን የእሳቸው ኤልሲ ድሮ የተከፈተ ስለሆነ አይነካውም ብለው አስበዋል።

«ሐምሌ አይደል የከፈትነው?» አሉኝ።

«ሐምሌ ነው፣ እትዬ። የሚታሰበው ግን በሚከፈልበት ቀን ዋጋ ነው።»

«በማን ሕግ?»

ፎርሙን አወጣሁና ከታች በደቃቅ የተጻፈውን አሳየኋቸው። ፊርማቸው ከሥሩ አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ረዥም ጊዜ አዩት።

«ይህን ያነበበልኝ ሰው አልነበረም» አሉ።

እውነት ነው። ለማንም አንብበን አናውቅም።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሒሩት ልጄ፣ ሰነዱ ከበዓሉ በፊት ደርሷል አይደል? እንደዚያ ቀን እንደከፈልኩ ብታደርጊልኝስ? አገር ቤት ባልሄድ እኮ ከፍዬ ነበር።»

«አልችልም፣ እትዬ።»

«ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩላቸው። ጋሼ ታደለ ለእሳቸው እንደ ቆርቆሮ አስመጪው አልመለሱላቸውም። ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። «እንዲህ ያለውን ነገር ለአንድ ሰው ካደረግኩ ለሁሉም ማድረግ አለብኝ። ለሁሉም ማድረግ ደግሞ አይቻለኝም። ይቅርታ፣ እትዬ ዘነበች» አሏቸው።

ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። ቆጮውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ። ያን ቀን አልበላሁትም።

ቁጥሩ እንዲህ ነበር። አንዱ መኪና ከሁለት መቶ ሰባት ብር ወደ አምስት መቶ ብር ገባ። አሥር አለቃው የከፈለው ገንዘብ ለሃያ መኪና መሆኑ ቀርቶ ለአሥርም አይበቃም። እትዬ ዘነበች ዕቃውን ካላወጡ ያስያዙት ገንዘብ ይቀርባቸዋል፤ ካወጡ ደግሞ ለሃያዎቹ ከኪሳቸው ከግማሽ በላይ ይጨምራሉ።

በሁለተኛው ቀን ከአሥር አለቃ ደበበ ጋር ተመልሰው መጡ። እሱ ቆሞ ቀረ፤ ወንበር ሳቀርብለት አልተቀመጠም።

«አልገባው ብሏል» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «አንቺ ንገሪው። እኔ ዋሽተሻል ተባልኩ።»

አስረዳሁት። የመኪናው ፋብሪካ ብር አይቀበልም፤ የሚቀበለው ዶላር ነው። ዶላሩን ለመግዛት በፊት ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ይበቃ ነበር፤ ዛሬ አምስት ብር ይጠይቃል። ስለዚህ መኪናው በብር ሲታሰብ ተወደደ።

ከኪሱ የአሥር ብር ኖት አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«ይህ ያው ነው» አለ። «የዛሬ ሳምንትም ይኸው ነበር። ወረቀቱም፣ ሥዕሉም ያው ነው። እኔ ሃያ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ሰጥቻለሁ። ዛሬ አሥር አይገዛም ትዪኛለሽ። የቀረውን ማን ወሰደው?»

 ጋሼ ታደለን አየሁ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አሥር አለቃ፣ ማንም አልወሰደውም» አሉ። «ደጅ ዶላር ስንት እንደሚሸጥ ያውቃሉ?»

«ሰባት ይላሉ።»

«እኛ በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ስንሸጥ የነበረው ፈቃድ ላገኘ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ከደጁ በጣም በረከሰ ዋጋ ያስመጣ ነበር። አሁን ያ ርካሽ ዋጋ ቀረ። የቀረው እሱ ነው።»

አሥር አለቃው ወደ እትዬ ዘነበች ዞረ።

«እስከዛሬ በርካሹ ሲያስመጡ የነበሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

እትዬ ዘነበች አልካዱም። «እኔና ባሌ ነን» አሉ። «ቤታችንን የሠራነው በዚያ ነው።»

 አሥር ብሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ግንቦት ላይ የገባው ጭነት ገና አላለቀም። ክረምቱ ገበያ የለውምና እትዬ ዘነበች ራሳቸው ሐምሌ ላይ «መጋዘን ሞልቶ ተቀምጧል» ብለውኛል። በእግር የሚሠሩ፣ ሞዴላቸው ትንሽ የቆየ፣ ግን ያልተነኩ መኪናዎች ናቸው። ሁሉም በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነው የገቡት። ያ ዕቃ በአንድ ሌሊት ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሥር አለቃው ይህን አያውቅም። እኔ ደግሞ የአንድን ደንበኛ ሒሳብ ለሌላ ሰው መናገር አልችልም፤ ሲቀጥሩን የፈረምነው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

እትዬ ዘነበች አዩኝ። አየኋቸው። ከዚያ ከአሥር አለቃው ጋር ወጡ።

ሥራ መሥራት አቃተኝ። በመጨረሻ ጋሼ ታደለ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ለአሥር አለቃው ብትናገሪ ያን ዕለት አባርርሽ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለእሳቸው ለራሳቸው መናገር ግን ማን ከለከለሽ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«እትዬ፣ የግንቦቱ ዕቃ በድሮው ዋጋ ነው የገባው» አልኳቸው።

የመጣሁበት ጉዳይ ወዲያው ገባቸው፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ባንክ ነሽ ወይስ ዳኛ?»

«ባንክ ነኝ።»

«ባንክ ከሆንሽ ሒሳብ ታውቂያለሽ። አዲሱን ጭነት በአምስት አወጣለሁ። የሚጎድለኝን ከየት ነው የምሞላው? ከዚያው ከመጋዘኑ ዕቃ ነው፣ በዛሬ ዋጋ ሸጬ። እሱን በድሮው ዋጋ ለደበበ ከሰጠሁት እኔ በምን ልቁም? ሃያ ሰው እንጀራ ይብላ ብዬ እኔ ልዘጋ?»

ትክክል ነበሩ። እኔ የሄድኩት አንድ ወገን ብቻ አስቤ ነው። መጋዘኑ ለእሳቸው ትርፍ መስሎኝ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ከመውደቅ የሚያድናቸው እሱ ብቻ ነው።

«እንደሱ አላሰብኩትም» አልኳቸው።

«ገና ልጅ ነሽ» አሉ። ቁጣቸው በረደ። በርጩማ አሳዩኝና ተቀመጥኩ።  በር ላይ አንድ ሰው የመርፌ ዋጋ ጠየቀ። በእጃቸው ምልክት ዛሬ አልሸጥም ብለው አሰናበቱት።

«በጦሩ ውስጥ ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ ድንገት። «እስካሁን አልመጣም። ደበበን በጠየቅኩት ጊዜ አላውቀውም አለኝ። ጓደኞቹንም አንድ በአንድ ጠይቆልኛል። የሚያውቀው የለም።»

ይህን ያሉት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሁለቱ የተስማሙት እኔ በሌለሁበት ነው፤ ያወቅሁት ገንዘብ ሊያወጡ ሲመጡ ነው። ስምምነቱ እንዲህ ነበር። ሰፊዎቹ ከመጋዘን አሥር መኪና በተፈረመው ዋጋ ዛሬውኑ ይወስዳሉ። ለቀሩት አሥር የተከፈለው ገንዘብ ሳይሸራረፍ ይመለስላቸዋል። መጋዘን የቀረውንና አዲሱን ጭነት እትዬ ዘነበች በዛሬው ዋጋ ሸጠው ባንኩን ይከፍላሉ። ያም ሆኖ አልበቃቸውም፤ የባላቸውን ፒክአፕ ሸጡ። ሰነዱን የወሰዱት ፒክአፑ ከተሸጠ በኋላ ነው። ሲፈርሙ «አሁን ደግሞ ሌላ የሚለወጥ ነገር አለ?» አሉኝ። በዚህ ላይ የለም አልኳቸው።

አሥር አለቃው ደስ አላለውም፤ ደስ ያለው ለመምሰልም አልሞከረም። «ሃያ ሰው ነን፣ አሥር መኪና ነው» አለኝ የተመለሰለትን ገንዘብ ሲቀበል።

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«ገና አላወቅንም።»

በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ካፖርት ላሰፋ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ከተመለሰው ገንዘብ ቤቱን ተከራይተው ጨርቅ ገዝተውበታል። አንዱን መኪና ሁለት ሰው ይሠራበታል፤ አንዱ ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ሌላው ከምሳ እስከ ማታ። ፈረቃ ሲለዋወጡ አየሁ። የጠዋቱ ሰው ወንበሩን ለቆ ሲነሣ የከሰዓቱ ሰው መኪናውን በጨርቅ ይወለውላል፣ ዘይት ያጠጣል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ከሃያው ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ወደ አገራቸው ሄደዋል። አሥራ ስምንቱ አሉ። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። አሥር አለቃው ካፖርቴን ራሱ ለካኝ፤ ዋጋ አልቀነሰልኝም።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ተለወጠ። የዶላር ጨረታ መጣ፤ ነጋዴው ምን ያህል እንደሚሰጥ ጽፎ ያስገባል፣ ውጤቱ ሲወጣ ዋጋው አብሮ ይወጣል። በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ሃያ ዓመት የሠሩት ጋሼ ታደለ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚጠይቁት «ዛሬ ስንት ነው?» ብለው ነበር። ስድስት ሆነ፣ ሰባት አለፈ፣ ስምንት። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ መጻፍ የእኔ ሥራ ሆነ። ተሸካሚዎቹ በር ላይ ሲያዩኝ «ሒሩት ዶላር» ይሉኝ ነበር፤ ስሙ ወጣልኝ፣ በዚያው ጸና።

አንድ ነገር በራሴ ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ኤልሲ ለሚከፍት ደንበኛ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ከታች የተጻፈውን በአማርኛ እነግረዋለሁ። «ዛሬ የሚያዩት ዋጋ የዛሬ ነው። የሚከፍሉት ሰነዱ መጥቶ ገንዘቡን በሚያስገቡበት ቀን ዋጋ ነው። ሊጨምር ይችላል። ምን እንዳልኩ መልሰው ይንገሩኝ።» ብዙዎቹ ይስቁ ነበር። አንዳንዶቹ ይቆጡ ነበር፤ እንደ ተማሪ ጠየቅሽኝ ይሉኛል። ሳይነግሩኝ አላስፈርምም። የክፍሉ ኃላፊ ስሆን ለክለርኮቼም እንዲሁ አስተማርኩ። ጊዜ ይወስዳል ብለው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ከሰውኝ ያውቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ።

«ወይዘሮ ሒሩት፣ ፎርሙ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ተጽፏል።»

«ታዲያ?»

«አያነቡትም። እኛም እናውቃለን እንደማያነቡት።»

ቀጥይ አላሉኝም፤ አቁሚም አላሉኝም። ቀጠልኩ።

አሥር አለቃ ደበበ አንድ ጊዜ ራሱ ኤልሲ ሊከፍት መጣ። የጋራ ሥራቸው ከዓመታት በኋላ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ የየራሱን ሱቅ ይዞ ነበር፤ እሱ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የስፌት መኪናዎች ሊያስመጣ ፈለገ። ፀጉሩ ሸብቷል። ማስጠንቀቂያውን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«እሱን እኔ ልንገርሽ» አለ። እያንዳንዷን ነገር ሳይዘል ነገረኝ። ከዚያ ስለ እትዬ ዘነበች ጠየቅኩት። ሱቁን ለልጃቸው ሰጥተው ቤት ውለዋል አለኝ፤ እሱም በበዓል እየሄደ ይጠይቃቸዋል። የወንድማቸው ነገር ግን እንደዚያው ቀርቷል፤ አልተገኘም።

ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ሲል ዶላር ከአሥራ ሦስት ብር ከምናምን በአንዴ ከአሥራ ስድስት ብር አለፈ። ሁለት ሺህ አሥር መግቢያ ላይ ደግሞ ከሃያ ሦስት ብር ወደ ሃያ ሰባት ብር ገደማ። በሥራ ላይ ሳለሁ ያየሁት የመጨረሻው ጭማሪ እሱ ነው፤ ባንኩን ለመልቀቅ ወራት ይቀሩኝ ነበር።

ያን ጠዋት ከመጡት ውስጥ አንዱ ጎማ አስመጪ ነበር። ሰነዱ ደርሶ፣ ገንዘቡን ዛሬ ነገ ሲል፣ ዋጋው ጨመረበት። ጠረጴዛዬን በመዳፉ መታ። ባንኩን ረገመ፣ መንግሥትን ረገመ፣ ገና ያልተወለዱ ልጆቼን ሳይቀር ረገመ። አላቋረጥኩትም። ሲደክመው ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

«ስንት ልጨምር?» አለ።

አሰላሁለት። ቁጥሩን አየና ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ጋ ደወለ። ያን ሁሉ ሲናገር «አልነገርሽኝም» አላለም። ነግሬው ነበርና። እሱም ያውቅ ስለነበረ ለክፉ ቀን ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሯል። ከሰዓት በኋላ ከነወንድሙ መጥቶ ከፈለ፣ ሰነዱን ወሰደ።

ይህን በስንብቴ ቀን የማነብላችሁ ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ፣ በውጭ ምንዛሪ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ የማውቀው ይህንን ነው። ነገ ዶላር ስንት እንደሚሆን አላወቅሁም፤ ከእኔ በላይ ያሉትም ሲያውቁ አላየሁም። ዋጋውን የምንወስነው እኛ አይደለንም። በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚከፍል ግን ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። መልሶ እስኪነግራችሁም ብዕሩን አትስጡት።